የአሳንሰር ፍርሃት

የአሳንሰር ፍርሃት ወይም የሊፍት ፍርሃት ማለት በአሳንሰር መውጣትና መውረድ፣ አንዳንዴም ስለ መውጣቱ ማሰብ ብቻ የሚቀሰቅሰው፣ ከእውነተኛው አደጋ ጋር የማይመጣጠን ጽኑ ፍርሃት ነው። በአእምሮ ሕክምና አመዳደብ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኖ አይቆጠርም። የሚመደበው «ውሱን ፎቢያ» ከሚባሉት፣ ማለትም አንድን ነገር ወይም አንድን ሁኔታ ብቻ ከሚመለከቱ ፍርሃቶች ጋር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ 5ኛ እትም አሳንሰርን፣ አውሮፕላንንና የተዘጋ ቦታን በአንድ ክፍል አስቀምጦ በስም ይጠቅሳቸዋል።

ፍርሃቱ ያለበት ሰው በደረጃ እየወጣ ኑሮውን ስለሚያስተካክል ችግሩ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ጎልቶ የሚወጣው ደረጃው የማያዋጣ ሲሆን ነው፦ መሥሪያ ቤቱ ወደ 12ኛ ፎቅ ሲዛወር፣ ጉልበት ሲታመም፣ እርግዝና ሲገፋ ወይም የቅርብ ዘመድ በሆስፒታል ላይኛው ፎቅ ሲተኛ። በዚህ ምክንያት የተገኘ ሥራ የሚያልፋቸው፣ የሐኪም ቀጠሮ የሚቀሩ፣ ቤት ሲከራዩ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የማይጠይቁ ሰዎች አሉ። ይሁንና የአሳንሰር ፍርሃት በአግባቡ ከታከመ በአጭር ጊዜ ከሚሻሻሉት የጭንቀት ዓይነቶች አንዱ ነው።

ስያሜ

«አሳንሰር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛው ስም ጋር አንድ ሲሆን ሥሩ «መውጣት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግስ ነው። በከተማ ንግግር ከእንግሊዝኛ የመጣው «ሊፍት» በብዛት ይሰማል። ከዚህ ፍርሃት ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ክላውስትሮፎቢያ (የተዘጋ ወይም የጠባብ ቦታ ፍርሃት) ነው፤ ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1879 ያስተዋወቀው ፈረንሳይ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ባል ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመናዊው ካርል ዌስትፋል «አጎራፎቢያ» የሚለውን ስም በአደባባይና በሰፊ ጎዳና ላይ ለሚመጣ ፍርሃት ሰጥቶ ነበር። ሁለቱም ስሞች የተወለዱት ከተሞች በፍጥነት በሚያድጉበትና ሕንፃዎች ከፍ ማለት በጀመሩበት ዘመን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የሚፈራው ምንድን ነው?

«አሳንሰር እፈራለሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች የሚፈሩት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። ሳጥኑ ጠባብና የተዘጋ፣ ከምድር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በማይታይ ሞተር የሚንቀሳቀስ፣ ከማያውቁት ሰው ጋርም ትከሻ ለትከሻ የሚያቆም በመሆኑ ብዙ ዓይነት ፍርሃቶች የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ብዙዎች የሚናገሩት የመዘጋትን ፍርሃት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ስታንሊ ራክማንና ስቲቨን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት የተዘጋ ቦታ ፍርሃት ሁለት ክፍሎች እንዳሉት አሳይተዋል። አንደኛው የመታፈን ፍርሃት ነው፤ ሰውየው አየሩ የሚያልቅ፣ ትንፋሹ የሚቆም ይመስለዋል። ሁለተኛው የመታገድ ፍርሃት ነው፤ አየሩ አያሳስበውም፣ የሚያሳስበው «አሁን ልውጣ ብል አልችልም» የሚለው ሐሳብ ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ሊነጣጠሉም ይችላሉ። የመታገድ ፍርሃት ያለበት ሰው በፀጉር ቤት ወንበር ላይ፣ በታክሲ የኋላ ወንበር መሐል ወይም በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥም ተመሳሳይ ስሜት ሊሰማው ይችላል።

ሌሎች የሚፈሩት መውደቅን ነው፦ ገመዱ ሲበጠስ፣ ሳጥኑ ወደ ታች ሲምዘገዘግ ይታያቸዋል። የከፍታ ፍርሃት ያለባቸው ደግሞ ከተዘጋው ሳጥን ይልቅ ውጭውን የሚያሳየው ባለመስታወት አሳንሰር ይከብዳቸዋል። መዘጋትን የሚፈራው ሰው ግን በዚያው ባለመስታወት አሳንሰር ውስጥ እፎይ ይላል። ሌላም ወገን አለ፤ የሚፈራው አሳንሰሩን ሳይሆን በውስጡ ሊደርስበት የሚችለውን የራሱን ፍርሃት ነው። «ልቤ መምታት ቢጀምር፣ ብጮህ፣ ሰው ፊት ብዋረድ» ብሎ ይሰጋል። የጀርም ወይም የጠረን ጥላቻ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻ የመሆን ስጋት (በተለይ ለሴቶች፣ በማታ) እንዲሁ በአሳንሰር ፍርሃት ስም ሊቀርብ ይችላል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ፎቢያ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ስለዚህ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ቀላል ይመስላሉ፦ በሩ ተከፍቶ ቆሞ ቢሆን ይገባሉ? ብቻዎን ነው ወይስ ከሰው ጋር የሚብሰው? አንድ ፎቅ ነው ወይስ አሥር ፎቅ የሚያስፈራው? ሲወጣ ነው ሲወርድ? በመጨረሻ ምን ይሆናል ብለው ነው የሚፈሩት?

ምልክቶች

ምልክቶቹ ወደ አሳንሰሩ ከመግባት በፊት ይጀምራሉ። አንዱ በቀጠሮው ዋዜማ «ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው የመጥሪያውን ቁልፍ ሲጫን ልቡ ይደልቃል። በሩ ሲዘጋ እጅ ያልበዋል፣ ጉልበት ይብረከረካል፣ አፍ ይደርቃል፣ ደረት ይጨመቃል፣ ራስ ያዞራል። «አሁን ልሞት ነው» ወይም «ላብድ ነው» የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ሲደርስ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ይባላል። ትንንሽ ልጆች ፍርሃታቸውን በለቅሶ፣ ባሉበት ደርቆ በመቅረት ወይም የእናታቸውን ቀሚስ አጥብቆ በመያዝ ይገልጻሉ።

ከምልክቶቹ መካከል ሰዎችን በጣም የሚያሳስተው የትንፋሽ ማጠር ነው። የፈራ ሰው በላይ በላዩ፣ በፍጥነት ይተነፍሳል። ይህ አተነፋፈስ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራስ ማዞር፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዝ እንዲሁም «አየር አጠረኝ» የሚል ስሜት ይፈጥራል። ሰውየው ግን አየር ያጠረው ሳይሆን ከሚያስፈልገው በላይ እየተነፈሰ ነው። አየሩ አለቀ ብሎ ይበልጥ ሲተነፍስ ስሜቱ ይበልጥ ይከፋል፤ አሳንሰሩ ውስጥ አየር ጠፍቷል የሚለው እምነትም በራሱ አካል የተመሰከረለት ይመስለዋል።

«ራሴን ስቼ እወድቃለሁ» የሚለው ስጋትም ብዙ ጊዜ አይፈጸምም። በፍርሃት ራስን መሳት የሚታወቀው ደም፣ መርፌና ቁስል በሚፈሩ ሰዎች ላይ ነው፤ በእነሱ ላይ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል። በአሳንሰር ፍርሃት ግን የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ስለሚል ራስን መሳት እምብዛም አያጋጥምም።

እንደ ሕመም የሚቆጠረው መቼ ነው?

አሳንሰር የማይወድ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም። እንደ ፎቢያ የሚቆጠረው ፍርሃቱ በእያንዳንዱ አጋጣሚ ማለት ይቻላል ወዲያው ሲመጣ፣ ሰውየው አሳንሰርን ሲሸሽ ወይም በከባድ ስቃይ ሲታገሥ፣ ይህም ብዙውን ጊዜ 6 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይና በሥራው፣ በትምህርቱ ወይም በማኅበራዊ ኑሮው ላይ እክል ሲፈጥር ነው። ፍርሃቱ ከእውነተኛው አደጋና ሰውየው ከሚኖርበት አካባቢ ሁኔታ ጋር አለመመጣጠኑም መመዘኛ ነው።

ከሌሎች ሕመሞች መለየትም ያስፈልጋል። ሰውየው አሳንሰርን ብቻ ሳይሆን አውቶቡስን፣ የሕዝብ ግርግርን፣ ሰልፍንና ብቻውን ከቤት መውጣትንም የሚፈራ ከሆነ ጉዳዩ አጎራፎቢያ ሊሆን ይችላል። ፍርሃቱ የጀመረው ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ሆኖ ቅዠትና ክፉ ትዝታ የሚከተለው ከሆነ ሌላ ዓይነት ሕክምና ይሻል። የልብ፣ የአስምና የታይሮይድ እጢ ችግሮችም ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ሐኪም አስቀድሞ ይመረምራል። በዩናይትድ ስቴትስ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ አንድ ዓይነት ውሱን ፎቢያ እንዳለበት ይገመታል። አሳንሰርን የሚያካትተው ክፍል ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ የእንስሳ ፍርሃት በልጅነት ሲጀምር ይህኛው ብዙ ጊዜ ዘግየት ብሎ ይመጣል።

መነሻውና የሚያቆየው

ራክማን እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው ፍርሃትን የሚማርበትን መንገድ በሦስት ከፍሎታል፦ ራሱ ላይ ከደረሰ ነገር፣ በሌላ ሰው ላይ ካየው፣ ከሰማው ወይም ካነበበው። ሦስቱም ለአሳንሰር ይሠራሉ። በልጅነቱ መብራት ጠፍቶ አሳንሰር ውስጥ የቀረ ሰው አለ፤ እናቱ ሁልጊዜ «በደረጃ እንውጣ» ስትል ያደገ አለ፤ ፊልም ያየም አለ። የሉዊ ማል የ1958ቱ የፈረንሳይ ፊልም «ለመሰቀያው አሳንሰር» ዋና ገጸ ባሕርዩን ኃይል በተቋረጠበት አሳንሰር ውስጥ ያሳድረዋል፤ የሆሊውድ የጀብዱ ፊልሞች ደግሞ ሲበጠስ የሚታየውን ገመድ ይወዱታል። ከዚህም ሌላ በአሳንሰር ውስጥ አንድም ክፉ ነገር ሳይደርስባቸው፣ በሌላ ጭንቀት ምክንያት የመጣ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት በአጋጣሚ እዚያ ውስጥ ስለጀመራቸው ብቻ ቦታውን መፍራት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው። በቤተሰብ የሚወረስ የጭንቀት ዝንባሌም ድርሻ አለው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ ለምን አይለቅም የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሆባርት ሞውረር እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ሰውየው አሳንሰሩ ፊት ሲደርስ ይጨነቃል፤ ዞር ብሎ ወደ ደረጃው ሲሄድ ጭንቀቱ ወዲያው ይቀልለታል። ያ እፎይታ ሽሽቱን እንደ ሽልማት ያጸናዋል። በዚያ ላይ አሳንሰሩ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ምንም እንደማይደርስበት የሚማርበትን ዕድል ያጣል። ስለዚህ ለአሥር ዓመት በደረጃ የተመላለሰ ሰው ፍርሃቱ በአሥር ዓመት አላረጀም፤ በየቀኑ ሁለቴ ታድሷል።

ሽሽት ሁልጊዜ በደረጃ መውጣት አይደለም። አሳንሰር የሚገቡ ነገር ግን ከሰው ጋር ካልሆነ የማይገቡ፣ ስልካቸውን በእጃቸው ጨብጠው ኔትወርኩን የሚቆጥሩ፣ ከበሩ ጥግ የማይርቁ፣ ውኃ ወይም ክኒን ካልያዙ የማይነሡ አሉ። ባለሙያዎች እነዚህን የመከለያ ልማዶች ይሏቸዋል። ሰውየው በሰላም ሲደርስ ምስጋናው ለአሳንሰሩ ሳይሆን ለስልኩ ወይም ለጓደኛው ስለሚሆን ፍርሃቱ ሳይነካ ይቀራል።

ታሪካዊ ገጽታ

አሳንሰርን መፍራት እንደ አሳንሰሩ የቆየ ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን ምክንያታዊም ነበር። ዕቃ ማንሻ መሣሪያዎች በጥንት ጊዜም ነበሩ፤ ገመዳቸው ግን ሲበጠስ የጫኑትን ይዘው ይወድቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ኤሊሻ ኦቲስ በኒው ዮርክ ክሪስታል ፓላስ ኤግዚቢሽን ላይ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ፣ የያዘውን ገመድ በሕዝብ ፊት አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት ብቻ ወርዶ በራሱ ፍሬን ተያዘ። ኦቲስ ያሳየው ማንሻውን አልነበረም፤ ማንሻ አስቀድሞም ነበር። የሸጠው መተማመንን ነው። በ1857 የመጀመሪያው የመንገደኛ አሳንሰሩ በዚያው ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና ባለው የሃውዋውት መደብር ሥራ ጀመረ፤ በ1880 ደግሞ ቬርነር ፎን ሲመንስ በጀርመን ማንሃይም ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አሳየ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አሳንሰር ሾፌር ነበረው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ይከፍታል፣ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፣ ፎቁን ይጠራል። ሾፌር የማያስፈልገው አሳንሰር ሲመጣ ብዙ ሰው ብቻውን መግባት አልደፈረም። በመስከረም 1945 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ አሳንሰር ሾፌሮች ሥራ ሲያቆሙ ከተማዋ መንቀሳቀስ አቃታት፤ የሕንፃ ባለቤቶችም ወደ አውቶማቲኩ ማዘንበል ጀመሩ። በሾፌሩ ቦታ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ የደወል ቁልፍና የተቀዳ ድምፅ ገቡ። ዛሬ ብቻውን አሳንሰር ለመግባት የሚቸገርና ከዘበኛው ጋር ግን የሚገባ ሰው ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ችግሩን ላያውቀው ይችል ነበር።

የአሳንሰር አሠራርና እውነተኛው አደጋ

አሳንሰር በአንድ ገመድ አይንጠለጠልም። በተለመደው ባለገመድ አሳንሰር ሳጥኑን የሚይዙት በርካታ የብረት ገመዶች ናቸው። በአውሮፓ መመዘኛ መሠረት ሦስትና ከዚያ በላይ ገመድ ያለው አሳንሰር ገመዶቹ ከሚሸከሙት 12 እጥፍ መቋቋም አለባቸው። በገመዱ ሌላኛው ጫፍ የባዶውን ሳጥን ክብደትና ከሙሉ ጭነቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚመዝን ሚዛን ጠባቂ ክብደት አለ። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው ብቻ የያዘ ሳጥን ከሚዛኑ ይቀልላል፤ ፍሬኑ ቢለቅ እንኳ የሚያዘነብለው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው።

የሞተሩ ፍሬን የሚሠራው ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ፍሬኑን ለማላቀቅ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ፍሬኑ በስፕሪንግ ጉልበት በራሱ ይይዛል። ስለዚህ መብራት መጥፋት አሳንሰርን ያቆማል እንጂ አይጥልም። ሳጥኑ በሆነ ምክንያት ከተወሰነለት ፍጥነት ቢያንስ በ15 በመቶ ካለፈ የፍጥነት ተቆጣጣሪው ሌላ ፍሬን ያስነሣል፤ ይህም ሳጥኑ የሚሄድባቸውን የብረት ሐዲዶች ነክሶ ይይዛል። ይኸኛው ገመዱ ባይኖርም ይሠራል።

አየርን በተመለከተ ሳጥኑ የታሸገ አይደለም። በበሩ ዙሪያ ካለው ክፍተት ሌላ፣ የአውሮፓ መመዘኛዎች ለአየር ማስገቢያና ማስወጫ የሚተወው ቀዳዳ ከወለሉ ስፋት ቢያንስ 1 በመቶ እንዲሆን ያዝዛሉ። ማራገቢያው ሲቆም ይሞቃል፤ አየሩ ግን አያልቅም።

ሁሉም የመጠበቂያ መንገዶች የከሸፉበት የታወቀ አጋጣሚ ያልተለመደ መነሻ ነበረው። ሐምሌ 28 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. አንድ ቢ-25 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በጭጋግ ውስጥ ከኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ተጋጨ፤ 14 ሰዎችም ሞቱ። የአሳንሰር ሾፌር የነበረችው ቤቲ ሉ ኦሊቨር በግጭቱ ቆስላ ስለነበር ወደ ምድር ለማውረድ ሌላ አሳንሰር ውስጥ አስገቧት፤ በአውሮፕላኑ ስብርባሪ የተጎዱት ገመዶች ግን ተበጠሱና 75 ፎቅ ወደ ታች ወደቀች። ክፉኛ ብትጎዳም በሕይወት ተርፋለች።

በዩናይትድ ስቴትስ በአሳንሰርና በተንቀሳቃሽ ደረጃ በዓመት 30 ገደማ ሰዎች ይሞታሉ፤ ግማሽ ያህሉ ተሳፋሪዎች ሳይሆኑ የሚገጥሙ፣ የሚጠግኑ ወይም በአቅራቢያው የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። የሞቱ ዋና መንገድ የገመድ መበጠስ ሳይሆን ሳጥን በሌለበት በተከፈተ በር ወደ ጉድጓዱ መውደቅ ወይም በሚንቀሳቀስ ሳጥንና በግድግዳ መካከል መያዝ ነው። እዚህ ላይ ፎቢያው አቅጣጫ ያሳስታል፦ ሰውየው የተዘጋውን በር ይፈራል፤ የሚያስፈራው ግን የተከፈተው ነው።

ሕክምና

ዋናው ሕክምና መጋፈጥ ነው፤ ይህም ሰውየው በራሱ ፈቃድ፣ በእቅድና በደረጃ ወደሚፈራው ነገር የሚቀርብበት ልምምድ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራን ትንሽ ልጅ እያላመደች ካከመችበት ሥራ ይነሣል። ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ፍርሃትን በመዝናናት እያለዘቡ የማላመድን ዘዴ በሥርዓት አስቀመጠ። ስዊድናዊው ላርስ-ጎራን ኦስት በ1989 ውሱን ፎቢያን እስከ ሦስት ሰዓት በሚወስድ አንድ ቀጠሮ ብቻ ማከም እንደሚቻል አቀረበ።

በተግባር ልምምዱ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በመጀመሪያ አሳንሰሩ ፊት ቆሞ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይመለከታል። ቀጥሎ ባለሙያው በሩን ይዞለት ገብቶ ይወጣል። ከዚያ አብረው አንድ ፎቅ ይወጣሉ፣ ደጋግመው። ባለሙያው አንደኛ ፎቅ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሰውየው ብቻውን ይመጣል። ፎቁ ይጨምራል፤ ሰው የሞላበት ሰዓት ይመረጣል፤ ስልኩ ውጭ ይቀመጣል። መታገድን የሚፈራ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ሳይንቀሳቀስ የሚቆምበት ደረጃ ይታከላል፤ መታፈንን የሚፈራ ከሆነ ሆን ብሎ በፍጥነት እንዲተነፍስ ተደርጎ ራስ ማዞሩ ከየት እንደሚመጣ በራሱ አካል እንዲያየው ይደረጋል። አንድ ጊዜ ገብቶ መውጣት አይበቃም፤ በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ መመላለስ በየሳምንቱ አንዴ ከመሞከር ይሻላል።

ቀድሞ የሚታሰበው ሰውየው ፍርሃቱ እስኪወርድ ድረስ መቆየት አለበት ተብሎ ነበር። ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ በ2014 ባቀረቡት አካሄድ ግን ትኩረቱ በግምቱ ላይ ነው። ሰውየው ከመግባቱ በፊት «ራሴን እስታለሁ» ወይም «በሩ አይከፈትም» ብሎ ይጽፋል፤ ሲወጣ የሆነውን ያስተያያል። እየፈራ ቢደርስም ግምቱ አለመፈጸሙን ካየ ትምህርቱ ተገኝቷል።

በእውነተኛ አሳንሰር መለማመድ በማይቻልበት ቦታ በኮምፒውተር የተፈጠረ ምናባዊ ዓለም ያገለግላል። ባርባራ ሮዝባምና ባልደረቦቿ በ1995 የከፍታ ፍርሃትን በዚህ ዘዴ ሲያክሙ ከተጠቀሙባቸው ትዕይንቶች አንዱ ባለመስታወት አሳንሰር ነበር።

መድኃኒት ለዚህ ፍርሃት ዋና ሕክምና አይደለም። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎች ለአንድ ቀን ቢያሻግሩም ሱስ ሊያስይዙ ይችላሉ፤ ሰውየው «ያዳነኝ ክኒኑ ነው» ብሎ እንዲያስብም ያደርጋሉ። በወዳጅ ዘመድ ዘንድ የተለመደው በግድ ጎትቶ ማስገባትም እንዲሁ አይረዳም። የመጋፈጥ ጉልበቱ ሰውየው ራሱ በመወሰኑ ላይ ስለሆነ፣ በቀልድ ሳጥኑ ውስጥ መዝለል ወይም ሳይነግሩት ማቆሚያውን መጫን የወራት ልምምድ ሊያፈርስ ይችላል።

አሳንሰር ቆሞ ውስጥ ሲቀሩ

እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዮርክ አንድ የመጽሔት ሠራተኛ ሲጋራ ሊያጨስ ወርዶ ሲመለስ ለ41 ሰዓት አሳንሰር ውስጥ ቀርቷል። ያለ ምግብና ያለ ውኃ ቢቆይም በሕይወት ወጥቷል። አብዛኛው መቆም ግን በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ጥቂት ነው፦ የደወሉን ቁልፍ መጫን፣ በስልክ ለሕንፃው ጥበቃ ወይም ለሚያውቁት ሰው ያሉበትን ሕንፃና ፎቅ መናገር፣ ቁጭ ብሎ በዝግታ መተንፈስ፣ በተለይ ትንፋሽ ሲያወጡ ማስረዘም። በሩን በጉልበት ፈልቅቆ በሁለት ፎቅ መካከል ዘሎ መውጣት ግን የለበትም፤ ሳጥኑ በዚያች ቅጽበት ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ከሳጥኑ ሥር ያለው ክፍተትም ወደ ጉድጓዱ ያመራል። ውጭ ያለ ሰው ደግሞ የሚረዳው እየተነጋገረ በመቆየትና ቴክኒሻን በመጥራት ነው። በእሳትና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ አሳንሰርን ትቶ በደረጃ መውረድ ሁሉም የሚመከርበት ደንብ በመሆኑ እንደ ፍርሃት አይቆጠርም።

በኢትዮጵያ

አዲስ አበባ ውስጥ አሳንሰር ለረጅም ጊዜ የጥቂት ሆቴሎች፣ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ነገር ነበር። መንግሥት ከሠራቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከምድር ቤት በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው፤ በኋላ የመጡት የ40/60 ሕንፃዎች ግን ከፍ ስላሉ ያለ አሳንሰር አይኖርባቸውም። ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ የከተማዋ ሥራ ምን ያህል ወደ ላይ እንደወጣ የሚያሳይ ሆኗል። ከዚህ ጋር አሳንሰርን መሸሽ የሚያስከፍለው ዋጋም ጨምሯል።

የኃይል መቆራረጥ በሚበዛበት ከተማ አሳንሰር ውስጥ መቅረት ምናባዊ ስጋት አይደለም። ከመግባቱ በፊት ሕንፃው ጀነሬተር እንዳለው ዘበኛውን የሚጠይቅ ሰው ፎቢያ አለበት ሊባል አይችልም። ፎቢያ የሚሆነው ጀነሬተሩ እየሠራ፣ ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ፣ ያንኑ ሕንፃ ሌሎች በየቀኑ ሲመላለሱበት እያየ ጉልበቱ እያመመው ስምንት ፎቅ በእግሩ ሲወጣ ነው። ስለዚህ «ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም» የሚለው መመዘኛ እዚህ ሲታይ የሕንፃው የጥገና ሁኔታም አብሮ መጠየቅ አለበት፤ አሳንሰሩ ከፎቁ ወለል ጋር ሳይስተካከል የሚቆም ወይም በሩ ሳጥን ሳይኖር የሚከፈት ከሆነ አለመግባቱ ትክክል ነው። በግንባታ ላይ ባሉ ሕንፃዎች ሳይከለል የተተወ የአሳንሰር ጉድጓድም እንዲሁ።

ፍርሃቱ በኅብረተሰቡ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ቦቅቧቃነት ወይም እንደ ገጠሬነት ይቀለድበታል፤ በዚህም የተነሣ ሰዎች «ስፖርት ስለምሠራ ነው በደረጃ የምወጣው» እያሉ ይደብቁታል። ሕክምናው በሥነ ልቦና ባለሙያዎችና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ይሰጣል፤ በአዲስ አበባ ከቀደምቶቹ አንዱ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ልምምዱን ጀነሬተር ባለውና ጥበቃው አስቀድሞ በተነገረው ዝቅተኛ ሕንፃ ጀምሮ፣ መብራት ሊጠፋ ወደሚችልበት ሕንፃ በመጨረሻ መሄድ ይቻላል፤ በዚህ ደረጃ ሰውየው የሚለማመደው አሳንሰሩ እንደማይቆም ማመንን ሳይሆን፣ ቢቆም ተቀምጦ መጠበቅ መቻልን ነው።